ሰንጠረዡ ያላየው ሥራ፦ የትምህርት ቤት ድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ደረጃና ደመወዝ



ስለ ትምህርት ሲነሳ የሚነሳው መምህሩ፣ ተማሪውና መጽሐፉ ነው። ዛሬ የምናገረው ሌሊት በሩን ስለሚጠብቀው፣ ክፍሉን ስለሚጠርገው፣ የተማሪውን ማህደር ስለሚይዘው፣ መጽሐፉን ከመኪና ላይ ቆጥሮ ስለሚረከበው ሰው ነው። በመንግሥት ቋንቋ «ድጋፍ ሰጪ» ይባላሉ። ደመወዛቸው እንዴት እንደሚወሰን፣ ማን እንደሚወስነው፣ ለምን ከሥራቸው ጋር እንደማይመጣጠን የማውቀውን ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ነገሩ ሲሰሙት የሰው ሀብት ክፍል ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ብዙ ቤተሰቦች ግን የወር አስቤዛ ጉዳይ ነው።

አንድ ወረቀት አለ። «የሥራ ዝርዝር መግለጫ» ይባላል። ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ አንድ ተዘጋጅቷል፤ ብዙዎቻችሁ ግን የራሳችሁን አይታችሁት አታውቁም። ወረቀቱ የመደቡን ዋና ዋና ተግባራት ከዘረዘረ በኋላ በርዕስ በርዕስ ይወርዳል፦ የሥራው ውስብስብነት፣ ራስን ችሎ መሥራት፣ ተጠያቂነት፣ ፈጠራ፣ የሥራ ግንኙነት፣ ለሰውና ለንብረት ያለ ኃላፊነት፣ ጥረት፣ የሥራ ሁኔታ፣ ዕውቀትና ክህሎት። ጥረት የሚለው ራሱ የአእምሮ፣ የሥነ ልቦና፣ የዕይታና የአካል ተብሎ ይከፈላል። በአካል ጥረት ሥር ሠራተኛው ከሥራ ጊዜው ስንቱን በመቶ ቁጭ ብሎ፣ ስንቱን ቆሞ፣ ስንቱን እየተንቀሳቀሰ እንደሚያሳልፍ ይጻፋል። በሥራ ሁኔታ ሥር ደግሞ ለአደጋ መጋለጡ፣ ለአቧራና ለብርድ መጋለጡ ይጠቀሳል። ለእያንዳንዱ ርዕስ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ይደመራል፤ ድምሩ የሚያርፍበት ክልል የመደቡ ደረጃ ይሆናል፤ ደረጃው ደግሞ ደመወዙን ይወስናል። ይኸ ነው በየቢሮው «ጄ ኢ ጂ» እየተባለ ሲነገር የሰማችሁት የሥራ ምዘናና የደረጃ ምደባ ጥናት።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። መዛኙ የሚመዝነው ወረቀቱን ነው። ሰውየውን አያይም፤ ግቢውንም አያይም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሥራ ነጥብ ያገኛል፤ ያልሰፈረው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ዘዴው ራሱ ከነበረው የተሻለ መሆኑን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። የሀገራችን መንግሥት ሠራተኛን በሥርዓት ማስተዳደር የጀመረው በ1954 ዓ.ም. የማዕከላዊ ፐርሶኔል ኤጀንሲ ሲቋቋም ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1964 የሥራ መደቦች ምደባና የደመወዝ ስኬል ወጣ። ቀደም ብላችሁ የተቀጠራችሁ አሮጌዎቹን መለያዎች ታስታውሳላችሁ፤ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ «ጽሂ»፣ አናጺውና ሾፌሩ «እጥ»፣ ዲፕሎማ ያለው «መፕ»፣ ዲግሪ ያለው «ፕሳ»፣ ጥበቃውና የጽዳት ሠራተኛዋ ደግሞ «ጥጉ»። እያንዳንዱ በየራሱ መሰላል ላይ ነበር፤ የጥጉ መሰላል ደግሞ ሲበዛ አጭር ነበረች። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አገልግሎ ጣሪያዋን ይነካና እዚያው ጡረታ ይወጣል። በደርግ ዘመን ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ በወር 50 ብር ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. እንኳ ገና 420 ብር ነበር። በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ ስኬል እነዚያን የተለያዩ መሰላሎች አፍርሶ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ከፍተኛው ባለሙያ ሁሉንም በአንድ ባለ 22 ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ አስቀመጠ። ይኸ ትልቅ እርምጃ ነው። ጥበቃውና መሐንዲሱ በአንድ መለኪያ መለካታቸው ቢያንስ «የእኔ ሥራ ከእሱ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ስንት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ በር ይከፍታል። ቀድሞ ያ ጥያቄ የሚቀርብበት ቦታ እንኳ አልነበረም።

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። ጥበቃውን እንውሰድ።

ወረቀቱ ላይ የጥበቃ ሥራ በር መጠበቅ፣ ገቢና ወጪውን መፈተሽ፣ ንብረት እንዳይጠፋ መቆጣጠር ነው። ከዚህ ከተማ ወጣ ብላችሁ ወደ ለጋምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ወይም ወደ አባይ በረሃ በሚወርዱት ቀበሌዎች ካለ የገጠር ትምህርት ቤት ግቡና ጥበቃው ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። ጧት ከባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለችውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመታ ደወል የሚያሰማው እሱ ነው። የክፍሎቹን ቁልፍ የያዘው እሱ ነው። አጥሩ ሲፈርስ እንጨት ቆርጦ የሚያጥር፣ ከብት ሲገባ የሚያባርር፣ ችግኝ ውኃ የሚያጠጣ፣ ወንበር ሲሰበር ሚስማር ፈልጎ የሚመታ እሱ ነው። ልጅ በእረፍት ሰዓት ወድቆ እግሩ ሲሰበር ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው፣ ከወረዳ ደብዳቤ ሲመጣ ተራራ ወርዶ የሚቀበለው እሱ ነው። የጽዳት ሠራተኛ በሌለበት ትምህርት ቤት ደግሞ መጥረጊያውንም የሚይዘው እሱ ነው። አንድ የዚህ አካባቢ ጥበቃ የሥራውን ዝርዝር ሲነግረኝ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ፤ ሁለቱ እጁ ሞልቶ እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። ስኬሉ ላይ ያለው ደረጃው ግን የተሰላው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሦስቱን ወይም አራቱን ብቻ ቆጥሮ ነው።

ሰዓቱን ደግሞ አስሉት። በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ39 ሰዓት አይበልጥም። አንድ ግቢ ሌት ተቀን ይጠበቅ ከተባለ በሳምንት 168 ሰዓት ነው። 168ን ለ39 ብታካፍሉ አንድን ትምህርት ቤት በሕጉ መሠረት ለመጠበቅ ከአራት ሰው በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለት ጥበቃ ብቻ ባለበት እያንዳንዱ 84 ሰዓት ይጠብቃል፤ ከሕጉ እጥፍ በላይ። አንድ ብቻ ባለበትማ ሰውየው ቤቱን ወደ ግቢው አምጥቶ ነው የሚኖረው። የትርፍ ሰዓት በገንዘብ ወይም በማካካሻ እረፍት ይካሳል ይላል ሕጉ። ተተኪ የሌለው ሰው ግን እረፍቱን መቼ ይውሰደው? በጀት የሌለው ጽሕፈት ቤትስ ገንዘቡን ከየት ያምጣው? ሰዓቱ እንዲሁ ይቀራል። እኔ ይህንን እንደ ብድር ነው የማየው፤ ሠራተኛው ለመንግሥት በየሳምንቱ የሚያበድረው፣ የማይመለስ ብድር።

ብርዱን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ የመካነ ሰላም ሌሊት ምን እንደሚመስል፣ ከፍ ብሎ በለጋምቦ አምባዎች ላይ ውርጩ ገብሱን እንዴት እንደሚያነደው ለዚህ ጉባዔ መተረክ አያስፈልገኝም። ጥበቃው ባናውን ተከናንቦ፣ እሳት ካገኘ እሳት አንድዶ ያነጋል። «የሥራ ሁኔታ» የሚለው ርዕስ ላይ የሚሞላው ግን ለጋራ የሥራ መደቦች አንድ ዓይነት ነው። በኮምቦልቻ ሙቀት የሚጠብቀውና በዚህ ደጋ የሚጠብቀው እኩል ነጥብ ያገኛሉ። በቆላ አካባቢ ለሚሠሩ የሚከፈል የበረሃ አበል መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ተገቢም ነው። የውርጭ አበል ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ልለፍ። መግለጫው «ክፍሎችን፣ ቢሮዎችንና መጸዳጃ ቤቶችን ያጸዳል» ይላል። ውኃ ከየት እንደሚመጣ አይናገርም። ቧንቧ በሌለበት ትምህርት ቤት ውኃው የሚመጣው በጀሪካን፣ በጀርባ፣ ከምንጭ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በቀን አምስት ጊዜ ብትመላለስ መቶ ኪሎ ተሸከመች ማለት ነው። ይህ ሸክም የአካል ጥረት በሚለው ርዕስ ሥር ሊሰፍር ይገባ ነበር። የወር አበባዋ በድንገት የመጣባት ልጅ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ ርዕሰ መምህሩ አይደለም፤ ወደ እሷ ነው። እንደ እናት ተቀብላ፣ አጽናንታ፣ ጨርቅ ፈልጋ ሰጥታ ወደ ክፍል ትመልሳታለች። የሥነ ልቦና ጥረት፣ የሥራ ግንኙነት፣ ለሰው ያለ ኃላፊነት የሚሉት ርዕሶች ከዚህ ሌላ ምንን ሊመዝኑ ተዘጋጁ? ይሁንና እነዚህ ርዕሶች በእሷ ወረቀት ላይ በዝቅተኛው ነጥብ ነው የሚታለፉት።

የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በሞዴል 19 ቅጽ ተረክቦ በሞዴል 22 ቅጽ ያስረክባል። በመሐል አንድ መጽሐፍ ከጎደለ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከደመወዙ ይቆረጣል፣ አልፎም ይከሰሳል። መጋዘኑ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ሊሆን ይችላል፤ አይጥ ሊገባበት፣ ምስጥ ሊበላው ይችላል። ኃላፊነቱ ግን በፊርማ የእሱ ነው። የሪከርድ ሠራተኛዋም እንዲሁ፦ አንድ ልጅ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲመዘገብ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ስህተቱ እስከ 12ኛ ክፍል፣ እስከ ዩኒቨርሲቲ በር ይከተለዋል። ያንን ፊደል የምትጠብቀው እሷ ናት።

ሠራተኛው በአዲሶቹ መደቦች ላይ ሲደለደል የብዙዎችን ልብ የሰበረው ግን ከደረጃው ይልቅ «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለው መስፈርት ነው። ሃያ ዓመት ማህደር የያዘች ሴት አዲሱ መደብ የሚጠይቀውን የሙያ ደረጃና የብቃት ማረጋገጫ ስላልያዘች ዝቅ ወዳለ መደብ ትደለደላለች፤ በቦታዋ የመጣው አዲስ ተመራቂ ሥራውን የሚማረው ከእሷ ነው። ትምህርት መጠየቁ አይከፋም። ልምድን ወደ ነጥብ መለወጥ ያቃተው መለኪያ ግን እዚህ ላይ ጎድሎታል እላለሁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ታገሡኝ፤ ቁጥር ይበዛል።

በ2017 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የደመወዝ ማሻሻያ ሲያደርግ ዝቅተኛው 1,500 ብር የነበረው ወደ 4,760 ከፍ አለ። ከፍተኛው 20,468 የነበረው ወደ 21,492 ብቻ አደገ፤ ጭማሪው 5 በመቶ ነው። ብር የመግዛት አቅሙ በወደቀበት ዓመት ታች ያለውን ለማዳን የተወሰደ እርምጃ ነበር። ከማሻሻያው በፊት ከፍተኛው የዝቅተኛውን ከ13 እጥፍ በላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ 4 እጥፍ ተኩል ወረደ። ከመስከረም 1 ቀን 2018 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ማሻሻያ መጣ። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻው ከ6,940 ወደ 11,500፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000። በመቶኛ ስታሰሉት ታች ያለው 26፣ ባለ ዲግሪው 66፣ ላይ ያለው 81 በመቶ አገኘ። በብር ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ ባለችበት ጫፍ 1,240፣ በላይኛው ጫፍ 17,508 ተጨመረ። ልዩነቱ እንደገና ወደ 6 እጥፍ ተኩል ሰፋ።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አለ፤ የተማረ ሰው መንግሥትን እየለቀቀ ነው፣ ባለሙያን ማቆየት ያስፈልጋል ይባላል። ምክንያቱ እውነትነት አለው፤ የዚህ ከተማ ሐኪምና መሐንዲስ የት እንደሚሄድ እናያለን። ነገር ግን ታች ያለው ሠራተኛ የማይለቀው ደመወዙ በቅቶት አይደለም፤ መሄጃ አጥቶ ነው። ሥራ አለመልቀቁን የመርካቱ ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ትክክል አይመስለኝም።

6,000 ብሩ እጁ ሲደርስ ስንት እንደሆነ እንይ። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ 300 ብር። የመጨረሻው 2,000 ላይ 20 በመቶ፣ 400 ብር። ግብሩ 700 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 420 ብር። ሲቀነስ 4,880 ብር ይቀራል፤ በቀን ወደ 163 ብር። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ አለ፤ የቅሬ መዋጮ አለ፤ በየሰበቡ «ለእንዲህ ያለ ጉዳይ» እየተባለ ከፔሮል ላይ የሚቆረጠው አለ። በሚሠራበት ትምህርት ቤት ለሚማረው ለራሱ ልጅ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛውም ከዚሁ ነው።

እንዲህ ያለው ሙግት በእኛ ሀገር ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። በብሪታንያ የአካባቢ ምክር ቤቶችና ማህበራት እ.ኤ.አ. በ1997 ተስማምተው የጉልበት ሠራተኛውንና የቢሮ ሠራተኛውን በአንድ የደመወዝ ሰንጠረዥ አስገቡ፤ ልክ እኛ በ2011 ዓ.ም. እንዳደረግነው። በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ምክር ቤትም መደቦቹን ሁሉ መዝኖ አዲስ ስኬል አወጣ። ምዘናው ግን በሳምንት 37 ሰዓት ለሚሠራ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጥ ነበር። ሙሉ ሰዓት የሚሠሩት በአብዛኛው ወንዶች፣ የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኞችና የመሳሰሉት ናቸው። የትምህርት ቤት ጽዳትና ምግብ አብሳይ ሴቶች ደግሞ የሚቀጠሩት በጎደሎ ሰዓት ነበር። ነጥቡ እነሱን ዘሎ አለፈ። ሴቶቹ ዓመታት ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ምክር ቤቱ በምዘናው መተማመን አይችልም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ስምንት ሺህ ያህል ሴቶች ለሁለት ቀን ሥራ አቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ምክር ቤቱ ከ500 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሊከፍል ተስማማ። በበርሚንግሃም ደግሞ እንዲሁ የተጠራቀመ የሴቶች የእኩል ክፍያ ዕዳ ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ2023 ከአስፈላጊ አገልግሎት በስተቀር አዲስ ወጪ እስከ መከልከል አደረሳት።

ይህን ያነሳሁት እነዚያ ሴቶች የት ላይ እንደያዙት እንድታዩ ነው። «ደመወዝ ጨምሩልን» በማለት ብቻ አልቆሙም። የመመዘኛውን ወረቀት አስወጥተው ነጥቡ የት እንደጎደለ አሳዩ። ያንን ማድረግ እዚህም ይቻላል። ኢትዮጵያ ለእኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያን የሚደነግገውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 100 እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃለች። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብታቸው የተጠበቀ ነው ይላል። ይኸው አንቀጽ የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችም ማህበር የማቋቋም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መምህራን ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ማህበር አላቸው። በፋብሪካ የሚሠራው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተደራጅቶ ይደራደራል። በመንግሥት መደብ የተቀጠረ የትምህርት ቤት ጥበቃ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ያ አዋጅ አይመለከተውም፤ ስለ ደረጃው የሚናገርለት እንዲህ ያለ የቆየ ማህበርም የለውም። በድልድል ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ድምፁ የሚሰማው በወኪል ነው፤ ያም ወኪሉ የእሱን ሥራ ካወቀ ነው።

መምህራን እዚህ ስላላችሁ ስለ እናንተም አንድ ነገር ልበል። የእናንተ ደመወዝ በቂ ነው የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ግን መሰላል አላችሁ። ጀማሪ መምህር፣ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያላችሁ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ታድጋላችሁ። እድገቱ የሚሰጠው ለሰውየው ነው። ለድጋፍ ሰጪው ደረጃው የመደቡ ነው። መደቡ ካልተለወጠ እሱ አይለወጥም። ለማደግ ክፍት መደብ መጠበቅ፣ መወዳደር፣ ምናልባትም ከተማ መግባት አለበት። በሰንጠረዡ ላይ ወደ ጎን የሚሄዱ እርከኖች አሉ፤ ሰውየው ከእርከን እርከን ቢሄድም ያው ደረጃው ላይ ነው። ሃያ ዓመት የጠበቀውና ትናንት የተቀጠረው አጠገብ ለአጠገብ ናቸው። ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኛም በአገልግሎት፣ በሥልጠናና በሥራ አፈጻጸም የሚወጡበት ሦስት አራት ደረጃ ቢበጅላቸው የወረዳ በጀት አይናጋም። መሰላሉን የሚያወጣው ክልሉ ነው፤ ጥያቄው ግን ከታች መነሳት አለበት፤ የመምህራኑም ድምፅ አብሮ ቢሰማ ኃይል ይሆነዋል።

ከስኬሉ ውጭ ስላሉት ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ጥበቃው የመንግሥት ተቀጣሪ አይደለም። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ህብረት ወስኖ፣ ከኅብረተሰቡ በሚሰበሰብ መዋጮ ወይም ከግቢው ሣርና ባሕር ዛፍ ሽያጭ የሚከፈለው ነው። መከሩ ሲከፋ ክፍያው ይቀራል። በልግ ያልዘነበ ዓመት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። የጡረታ ቁጥር የለውም፤ መንግሥት ለቋሚ ሠራተኛ የሚጨምረው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ለእሱ አይገባለትም። ሲታመም የሕመም ፈቃድ የለውም። 4,760ም 6,000ም የተባለው እሱ ዘንድ አልደረሰም። የደመወዝ ጭማሪ ዜና በሬዲዮ ሲነገር ጎረቤቱ «እንኳን ደስ አለህ» ይለዋል፤ እሱ ምን ብሎ ይመልስ? ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህሩም ተማሪውም ወደ ቤቱ ገባ። ጠረጴዛና ወንበሩ፣ ቆርቆሮው፣ መጽሐፉ ግን ግቢው ውስጥ ቀረ። ብዙ ቦታ ከንብረቱ ጋር የቀረው ይኸው ሰው ነው።

ወረዳው ገንዘብ ከየት ያምጣ የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳ የሚተዳደረው ከክልል በሚመጣ ጥቅል በጀት ነው፤ የዚያ በጀት ትልቁ ድርሻ ገና ከመነሻው ለደመወዝ ይሄዳል። የወረዳ ምክር ቤት ስኬሉን መቀየር አይችልም፤ ነጥቡንም እሱ አይሰጥም። በእጁ ያለው ግን ትንሽ አይደለም። ስንት የጥበቃና የጽዳት መደብ በጀት እንደሚያዝለት፣ በመዋጮ የሚከፈሉት ወደ ቋሚ መደብ ተራ በተራ እንዲገቡ፣ የትርፍ ሰዓት ማካካሻ እንዲታሰብ የሚወስነው እሱ ነው። ለአንድ አዲስ ሕንጻ ሪባን ሲቆረጥ የሕንጻው ጥበቃ በጀት አብሮ እንዲጸድቅ መጠየቅ የምክር ቤት አባል ሥራ ነው። ይህን ጥያቄ የሚያነሱ አባላት መኖራቸውን አውቃለሁ፤ ሊበረታቱ ይገባል።

ለሠራተኞቹ የምለው ይኸ ነው። ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ሂዱና የሥራ ዝርዝር መግለጫችሁን ቅጂ ጠይቁ። በማንበብ የሚያግዝ ካስፈለገ የራሳችሁን ልጅ ወይም አንድ መምህር አስነብቡ። ከዚያ አንድ ተራ ደብተር ግዙና ለአንድ ወር የሠራችሁትን በየቀኑ አስጽፉ፦ ስንት ሰዓት እንደጠበቃችሁ፣ ስንት ጀሪካን እንዳመላለሳችሁ፣ ምን እንደጠገናችሁ፣ የትኛውን ልጅ ጤና ጣቢያ እንዳደረሳችሁ። ርዕሰ መምህሩ በየሳምንቱ መጨረሻ ይፈርምበት። ደብተሩንና መግለጫውን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ በመግለጫው ላይ የሌለውን አስምሩበት። በእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ፤ ከዚያም በላይ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ባዶ እጅ ከሚቀርብ አቤቱታ ይልቅ ፊርማ ያለበት ደብተር ይሰማል።

ርዕሳነ መምህራን፣ ከእናንተ የምጠይቀው ፊርማውን ነው፤ በየሳምንቱ፣ ሳይዘገይ። የወረዳው ሲቪል ሰርቪስና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በመዋጮ የሚከፈሉትን የትምህርት ቤት ሠራተኞች ዝርዝር ቀበሌ በቀበሌ አዘጋጅተው ከበጀት ጥያቄያቸው ጋር ቢያቀርቡ ምክር ቤቱ ቢያንስ ስለ ስንት ሰው እንደሚወስን ያውቃል። በጀት የሚጸድቀው በሐምሌ ነው፤ ጥያቄው የሚዘጋጀው ግን ከዚያ ወራት ቀድሞ ስለሆነ ዝርዝሩ እስከ መጋቢት ማለቅ አለበት።